«ጥቁርና ነጭ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ስለሚተረኩ መጽሐፎች ናቸው። በተለይ ደግሞ ስለ ኦርጅናሉ ገጽ፤ ማለትም መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ሠዓሊው በእጁ ስለሠራበት ወረቀት። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ስሰበስብ የኖርኩት እሱን ስለሆነ መልሱን በደስታ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ የመጀመሪያዬን ኦርጅናል ገጽ ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዱ «ይሄማ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ቀለም እንኳን የለውም። ተሸውደሃል። ጥቁርና ነጭ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ገጹን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይጠራጠራል። ኦርጅናል መሆኑን በምን ልወቅ?
— ከአንድ ጀማሪ ሰብሳቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለም ስለሌለው አትደንግጥ። በአሜሪካ ኮሚክስ አሠራር አንድ ገጽ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል። ሌላው እርሳሱን እየተከተለ በብሩሽና በብዕር ጥቁር ቀለም ያወጣበታል። ሌላው ደግሞ ንግግሩን ይጽፋል። ማቅለሙ ግን ድሮ በሌላ ወረቀት ላይ ለብቻው ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒውተር ነው። ሙሉ በሙሉ በቀለም ቅብ የተሠሩ ሽፋኖች አሉ። የውስጥ ገጽ ከሆነ ግን ጥቁርና ነጭ መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ገጹን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አምጣበት። ከዚያ ብዙ ጥቁር ያለበትን ቦታ እይ። በእጅ የተቀባ ጥቁር አንድ ወጥ አይደለም። ብሩሹ የተመላለሰበት ይታወቃል። አንዱ ቦታ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል። የታተመ ጥቁር ግን ዝርግ ነው፤ ሁሉ ቦታ እኩል ነው። ሠዓሊው ስህተቱን ያጠፋበት ነጭ ቀለም ካለ ደግሞ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ጥላ ይጥላል። እርሳሱ ተጠርጎ ቢጠፋም እንኳ የተጫነበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ፎቶ ኮፒ ይህን ሁሉ ሊያመጣው አይችልም።

ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስም ፈልግ። የድሮው የማተሚያ ቤት ካሜራ ያን ሰማያዊ አያየውም ነበር። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ መጀመሪያ በእሱ ይነድፉ ነበር፤ አዘጋጆቹም ማስታወሻቸውን በእሱ ይጽፉበት ነበር። እኔ የመጀመሪያ ገጼን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ገጹ ላይ ጀግና የለም፣ ድብድብ የለም። አንድ ሰውዬ ደረጃ ሲወርድ ብቻ ነው የሚታየው። ጠርዙ ላይ ግን በሰማያዊ እርሳስ «እጁ ይነስ» የሚል ትእዛዝ አለ። እጁን ጠጋ ብዬ ሳየው በነጭ ቀለም ተሸፍኖ እንደገና ተሠርቷል፤ አንሷል። ያ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሲነጋገር የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ። የታተመውን መጽሐፍ ሺህ ጊዜ ብታገላብጠው ይህን ንግግር አታገኘውም።

መጠኑም ይናገራል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ሠዓሊዎቹ ከታተመው ገጽ ሁለት እጥፍ ገደማ በሆነ ትልቅ ወረቀት ላይ ይሠሩ ነበር። ከ1967 ገደማ ጀምሮ ወረቀቱ አነሰ። ከዚያ ወዲህ የተለመደው 11 በ17 ኢንች የሆነ ብሪስቶል የሚባል ወፍራምና ለስላሳ ወረቀት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የ1963 ገጽ ነው ብሎ አነስተኛውን ወረቀት ካሳየህ ቆም ብለህ ጠይቅ። ጽሑፉንም እይ። በ1970ዎቹ ንግግሩ የሚጻፈው እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ ይህ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር ስለገባ የብዙ አዳዲስ ገጾች ሠዓሊ ለንግግሩ ክፍት ቦታ ትቶ ያልፋል። አዲስ ገጽ ባዶ ቦታ ቢኖረው ችግር የለውም። የ1970ዎቹ ገጽ ግን ያለ ምንም ጽሑፍ ከመጣ አጠያያቂ ነው።

ጀርባውን መገልበጥ አትርሳ። እኔ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ነው የማየው። ወደ ኋላ ዘልቆ የገባ ቀለም፣ የገጽ ቁጥር፣ የማተሚያ ቤት ማህተም ይኖራል። የአሜሪካ አሳታሚዎች በ1954 ኮሚክስ ኮድ የሚባል የራሳቸው ሳንሱር አቋቁመው ነበር። ገጾቹ ሳይታተሙ በፊት እዚያ ይታዩ ስለነበር ማህተሙ ያረፈባቸው ብዙ ኦርጅናሎች አሉ። ማርቨል የሚባለው ትልቅ አሳታሚ በ2001 ኮዱን ተወው። ሌላው ትልቅ አሳታሚ ዲሲም በ2011 ተከተለው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልንገርህ። በዚህ ዘመን እርሳስ ነዳፊው በአንድ አገር፣ ቀለም አውጪው በሌላ አገር ሊኖሩ ይችላሉ። ነዳፊው ገጹን ስካን አድርጎ ይልካል። ቀለም አውጪው በሌላ ወረቀት ላይ በፈዛዛ ሰማያዊ አትሞ በላዩ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ለአንድ ገጽ ሁለት ኦርጅናል አለ፤ አንዱ እርሳሱ፣ ሌላው ቀለሙ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ግን አንድ አይደሉም፤ ዋጋቸውም እኩል አይሆንም። ሻጩን «ከቀለሙ ሥር እርሳሱ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ሐቀኛ ሻጭ ወዲያው ይነግርሃል።

የሚያስፈራው ከታተመው ላይ በብርሃን ሳጥን፣ ማለትም ከሥር በሚያበራ ጠረጴዛ፣ የተቀዳ ገጽ ነው። እሱን መለየት ዓይን ይጠይቃል። የሚቀዳ ሰው መስመሩን ቀስ እያለ ይከተላል። ሠዓሊው ግን በአንድ ትንፋሽ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይስበዋል። የታተመውን መጽሐፍ ከጎኑ አስቀምጠህ አወዳድር። በእውነተኛው ላይ ከታተመው የሚበልጥ ነገር ልታገኝ ይገባል፤ የተጠረገ እርሳስ፣ የተለወጠ አፍንጫ፣ ከጠርዙ የተረፈ ቅብ። ከታተመው ምንም የማይጨምር ገጽ እኔን ያስጠረጥረኛል። ይህን ሁሉ አይተህ ጻፍልኝ፤ ጓደኛህንም ጠርተህ አብራችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ለልጄ በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ ሠዓሊ የሚወደውን ጀግና በማርከር ሥሎ ሰጠው። ሳሎን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀልነው። አሁን ቀለሙ እየሸሸ ይመስለኛል። ልጄ ደግሞ «አይደለም፣ ዓይንሽ ነው» ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?
— እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እርስዎ ነዎት ትክክል። እባክዎ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ሥዕሉን ከዚያ ግድግዳ ያውርዱት።

በእኔም ላይ ደርሷል። ቀይ ካባ የለበሰ ጀግና በማርከር አሠርቼ ሦስት ዓመት ሰቀልኩት። በየቀኑ ስለማየው ለውጡ አልታወቀኝም። ፍሬሙን የከፈትኩ ቀን ግን ደነገጥኩ። ፍሬሙ የሸፈነው ጠርዝ ደማቅ ቀይ ነበር። መሃሉ ሮዝ ሆኗል። ያ ቀይ አይመለስም። ሠዓሊውም ዛሬ በሕይወት የለም።

የማርከር ቀለም ብርሃን አይችልም። ጥቁር ማርከር እንኳ ከጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ከከሰል ጥላሸት የሚሠራው የሠዓሊዎች ጥቁር ቀለም ግን ጽኑ ነው፤ የቆዩ ገጾች ዛሬም ጥቁር የሆኑት በእሱ ነው። ጨረር የሚከላከል መስታወት አለ። ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔ አሁን የማደርገው ጥሩ ስካን አስነሥቼ ቅጂውን መስቀል ነው። ኦርጅናሉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ አውጥቼ የማየው በእጄ ይዤ ነው።

ሲያስቀምጡት አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባው ያድርጉለት። የሚከቱበት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ማይላር ይሁን። ያ ለስላሳ፣ የሚሸት፣ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ግን ፒቪሲ ስለሆነ አይንካው። ስኮች በፍጹም አይለጥፉበት። ስኮች ይደርቅና ይረግፋል፣ ቢጫ ነጠብጣቡ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ስልክ ላይ ጥቂት ጊዜ ጠይቀውኝ እንደነበሩት ሌሎች አንባቢዎች «ትንሽ ታጥፏል፣ ምን ላድርግ?» ካሉኝ ግን ምንም አያድርጉ እላለሁ። የቤልጅጉ ኤርዤ በ1936 ለቲንቲን መጽሐፍ የሠራው አንድ የሽፋን ሥዕል የመታጠፍ መስመሮቹ እንደሚታዩበት በ2021 ፓሪስ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሽጧል። እጥፋት ያስከፋል እንጂ አይገድልም። ብርሃን ነው የሚገድለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮሚክስ ዜና ሳላነብ አልውልም። ችግሬ ግን ይሄ ነው። እገሌ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ፊልም ሊሠራለት ነው የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት የሱ ገጾች ዋጋ ይሰቀላል። ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው የምደርሰው። ወሬውን ቀድሜ የማገኝበት ዘዴ አለ?
— ዜና የማያመልጣት

መልስ፦ እህቴ፣ ዘዴውን ባውቀውም አልነግርሽም ነበር፤ ስለምወድሽ ነው። በወሬ የወጣ ዋጋ በወሬ ይወርዳል። ፊልሙ ሊቀር ይችላል። ቢሠራም ላይወደድ ይችላል። ያን ጊዜ ገጹ እጅሽ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሥዕሉን ወደሽው አልነበረም።

ዜና ማንበብሽን ግን ቀጥዪ። እኔም ወጣት ሳለሁ ከመጽሐፉ እኩል ዜናውን እወድ ነበር። በ1971 የተጀመረውና እስከ 2013 የቆየው ኮሚክስ ባየርስ ጋይድ፣ ከ1976 ጀምሮ ያለው ዘ ኮሚክስ ጆርናል የሚባሉት መጽሔቶች ሁለቱም ስለ ሙያው እንዳስብ አድርገውኛል። አንደኛው ገበያውን፣ ሌላኛው ሥራውን ነበር የሚመረምሩት። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ስታነቢ ሦስት ነገር ለይ። አንደኛው ማስታወቂያ ነው። አሳታሚዎች ከሦስት ወር ገደማ በፊት ምን እንደሚያወጡ ለመደብሮች ይዘረዝራሉ። ብዙ «ሰበር ዜና» የሚባለው ከዚያ ዝርዝር የተቀዳ ነው። «ምንም ነገር እንደ ቀድሞው አይሆንም» ብለው ሲጽፉ መደብሩ ብዙ ቅጂ እንዲያዝ ነው። ሁለተኛው ወሬ ነው። ሦስተኛው ዘገባ ነው፤ ሰው ጠይቆ፣ ሰነድ አይቶ የተጻፈ። ሦስተኛው ጥቂት ነው፤ ግን እሱን ያነበበ ብዙ ያውቃል።

ምሳሌ ልስጥሽ። ዳይመንድ የሚባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካን ወርኃዊ ኮሚክስ ለመደብሮች በማከፋፈል ብቻውን ነበር ማለት ይቻላል። በ2020 ዲሲ ከሱ ወጣ። በ2021 ማርቨል ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ወደሚባለው የመጽሐፍ አሳታሚና አከፋፋይ ሄደ። በጥር 2025 ዳይመንድ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይህ ዜና ላይ ጀግናም ፊልምም የለም። ግን ትንንሽ አሳታሚዎች ገንዘባቸውን ያገኙ ይሆን፣ አዲስ ሠዓሊ ሥራ ያገኝ ይሆን የሚለው የተወሰነው እዚያ ነው። የምትወጂው ሠዓሊ የሚኖረው በዚህ ዜና ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሠዓሊ ሲሞት በዚያው ቀን ገጹን ፍለጋ አትውጪ። ብዙዎች ያደርጉታል፤ ዋጋውም በሰዓታት ውስጥ ይዘላል። የስፓይደርማን የመጀመሪያው ሠዓሊ ስቲቭ ዲትኮ በ2018 መሞቱ ሲሰማ እኔ ስልኬን ዘግቼ መጽሐፎቹን ነው ያወጣሁት። ለአሥርት ዓመታት ቃለ ምልልስ አልሰጥም ብሎ የኖረ ሰው ነው። ስለሱ ያለን ሁሉ የሣላቸው ጣቶች ናቸው፤ እነዚያ ረጃጅም፣ የተጣመሙ፣ የሚናገሩ ጣቶች። ሌሊቱን እነሱን ሳይ አደርኩ።

ጥያቄ፦ የምወደው ሠዓሊ በታብሌት ነው የሚሠራው። ኦርጅናል የለውም ማለት ነው?
— ከተማሪ

መልስ፦ ወረቀት የለውም። አንዳንዶች አንድ ቅጂ ብቻ አትመው፣ ፈርመው ይሸጣሉ። እሱ ኅትመት ነው፤ እንደ ኅትመት ዋጋ ክፈልበት። ብዙዎቹ ግን ሽፋን ሲሆን ወረቀት ላይ ይሠራሉ፤ ንድፋቸውንም በእርሳስ ይሞክራሉ። ያቺን ትንሽ ንድፍ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ የ1960ዎቹ የጃክ ከርቢ ገጽ ሊያሳየኝ ነው። የት እንዳገኘው ስጠይቀው «ድሮ ነው፣ ከሰው ነው» ብቻ ይላል። ልግዛ?
— ግራ የገባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። ታሪኩን ልንገርህ፣ ከዚያ ራስህ ትወስናለህ።

ድሮ አሳታሚዎቹ ኦርጅናሉን ለሠዓሊው አይመልሱም ነበር። ገጹ ከታተመ በኋላ መጋዘን ይገባል፤ አንዳንዱ ይጣላል፣ አንዳንዱ ለእንግዳ ይሰጣል፣ አንዳንዱም ይሰረቃል። መመለስ የተለመደው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ከርቢ የማርቨልን ታላላቅ ጀግኖች ከፈጠሩት አንዱ ነው። በ1960ዎቹ ቀን ከሌሊት እየሠራ ከአሥር ሺህ ገጽ በላይ እንደሣለ ይገመታል። በ1984 ማርቨል ለሌሎች ሠዓሊዎች አጭር ቅጽ አስፈርሞ ገጻቸውን ሲመልስ ለእሱ ግን አራት ገጽ የሆነ ልዩ ሰነድ ላከለት። ፈርሞ ብዙ መብቱን እንዲተው የሚጠይቅ ነበር። እንቢ አለ። የሙያ ባልደረቦቹ በይፋ ከጎኑ ቆሙ። በመጨረሻ በ1987 የተመለሰለት ሁለት ሺህ ገደማ ገጽ ነው። የቀረው የት ገባ? የተወሰነው ዛሬ ገበያ ላይ ይዞራል።

እኔ አንድ ጊዜ እንደ አንተ ያለ ገጽ ቀርቦልኛል። ከርቢ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የታሪኩን ማስታወሻ የጻፈበት ነበር፤ የንግግሩ ጸሐፊ ምን እየሆነ እንዳለ እንዲገባው። የእጅ ጽሑፉን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሻጩ ግን ከየት እንደመጣ አልነግርህም አለኝ። ገጹን መለስኩለት። ያን ገጽ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ በመመለሴ ግን አልተጸጸትኩም።

የድሮ ገጽ ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለቴ አይደለም። በስጦታ የወጣ አለ። ከተመለሱት ውስጥ ቤተሰቡ የሸጠው አለ። ባለቤቱ ታሪኩን የሚያውቅ ገጽ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። በ2008 ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ አንድ ሰው ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን መጽሐፍ 24ቱንም የዲትኮ ኦርጅናል ገጾች ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ሰጠ። በ2022 ስፓይደርማን ጥቁር ልብሱን ያገኘበት የማይክ ዜክ አንድ ገጽ ብቻ 3.36 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣ ስታስብ፣ ያ ሰው ምን እንደሰጠ ይገባሃል። ዛሬ ማንም ተመራማሪ ሄዶ ሊያያቸው ይችላል።

ሻጩን አንድ ጊዜ ደግመህ ጠይቀው። ከማን፣ መቼ፣ በምን? መልሱ አሁንም «ድሮ ነው» ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ኦርጅናሉን ከገዛሁ ቲሸርት ላይ አትሜ መሸጥ እችላለሁ?
— ነጋዴ

መልስ፦ አይችሉም። የገዙት ወረቀቱን ነው። የማባዛት መብቱ የአሳታሚው ወይም የሠዓሊው ነው።

ጥያቄ፦ ሽፋን ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ሠዓሊ በትእዛዝ እንዲሥልልኝ ልጠይቅ ነው። ምን ልበለው?
— የምትቆጥብ

መልስ፦ ጥሩ አስበሻል። በገበያው ሽፋን ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀጥሎ ሙሉ ገጹን የያዘ አንድ ሥዕል፣ ከዚያ ጀግናው ያለበት ባለ ብዙ ክፍል ገጽ ይመጣል። ጀግናው የሌለበት ጸጥ ያለ ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ አብዛኛውን የሰበሰብኩት ያን ጸጥ ያለውን ነው፤ አንቺም ዓይንሽን ጣዪበት። ዝናብ፣ በር፣ ባዶ መንገድ፣ የሚጠብቅ ሰው። ሠዓሊው ማንም ሳያጨበጭብለት የሠራው እዚያ ነው።

ትእዛዙን በተመለከተ፣ ማንን እንደምትፈልጊና ምን ስሜት እንዲኖረው ንገሪው። አቋሙን፣ የሚታይበትን ማዕዘን፣ ከበስተኋላው የሚሣለውን ለሱ ተዪለት። ዝርዝር ባበዛሽ ቁጥር እጁ ይታሰራል። ቀኑን አታስጨንቂው፤ የሚከፈልበትን ሥራ ሁሉ ትቶ ያንቺን አይጀምርም። ዋጋውን አትከራከሪ፤ ከከበደሽ መጠኑን አሳንሺ። በማርከር ሳይሆን በጥቁር ቀለም እንዲሠራው ጠይቂው፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ለእናቲቱ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ሁለት ነገር ለምኚው። ሥር ያለውን እርሳስ ጨርሶ እንዳይጠርገው፤ ስሙንና ቀኑንም ከጀርባ እንዲጽፍልሽ።